ነርሷ ላስተማረችበት ሰዓት ማን ይክፈል?



የክሊኒኮቻችንን ዓመታዊ ሪፖርት ለደጋፊ አብያተ ክርስቲያናት ከላክን በኋላ፣ በአሜሪካ አገር በነርስነት ከምትሠራ አንዲት እህት ደብዳቤ ደረሰን። እህታችን ለሥራው የሚሆን ስጦታ ከደብዳቤው ጋር ልካለች፤ ስለዚህም ጌታን እናመሰግናለን። ከስጦታው ይልቅ ያሳሰበን ግን ጥያቄዋ ነው። ሪፖርታችን ስንት ሕመምተኛ እንደታከመ፣ ስንቱ መርፌ እንደተወጋ፣ የካርድና የመድኃኒት ገቢ ምን ያህል እንደሆነ እንደሚናገር ካነበበች በኋላ፣ ነርሶቻችን ሕመምተኛውን ቁጭ አድርገው የሚያስተምሩበት ሰዓት በየትኛው ዓምድ እንደተጻፈ ጠየቀችን። እርስዋ በምትሠራበት አገር ለዚህ ሥራ የሂሳብ መለያ ቁጥር አለው። በእኛ ዘንድስ ማን ይከፍለዋል?

መልሱን ለመጻፍ መዝገቦቻችንን አገላበጥን። እንዲህ ያለ ዓምድ የለንም።

ጥያቄው በደረሰን ሰሞን ደግሞ ልባችንን የያዘው ሌላ ነገር ነበረ። በአንዱ ክሊኒካችን የስኳር በሽታ ያለበት የ14 ዓመት ልጅ ይታከማል። በሽታው ያለ ኢንሱሊን በሕይወት መቆየት የማይቻልበት ዓይነት ነው። እናቱ መርፌ መውጋት ተምራለች፤ ልጁ ሳይበላ እንዳትወጋውም ተነግሯታል። ይህ ቃል በደህናው ቀን ትክክል ነው፤ ተወግቶ አለመብላት ስኳሩን ከልክ በታች አውርዶ ሰውን ሊገድል ይችላልና። አንድ ቀን ግን ልጁን ትኩሳት ያዘው፤ ያስመልሰው ጀመር፤ እህል አልቀምስም አለ። እናቲቱም የተነገራትን በታማኝነት ጠበቀች። አልበላምና አልወጋችውም። አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። በሦስተኛው ቀን ትንፋሹ እየፈጠነ፣ ከአፉ የበሰበሰ ፍሬ የመሰለ ሽታ እየወጣ ራሱን ሳተ። ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪናው መንገድ አደረሱት፤ ሆስፒታል ገብቶም በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞቹ ድካም ተረፈ።

ለእናቲቱ ማንም ያልነገራት ነገር ይህ ነበር፤ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ሰውነቱ ራሱ ስኳር ያመርታል፤ ስለዚህ ባይበላም እንኳ ኢንሱሊን ያስፈልገዋል። መጠኑ በሐኪም ወይም በነርስ ምክር ይስተካከላል እንጂ መርፌው ፈጽሞ አይቋረጥም። ውኃ በብዛት ይጠጣል፤ ስኳሩ ይለካል፤ ማስመለሱ ካልቆመም ሳይውል ሳያድር ወደ ክሊኒክ ይመጣል። ይህን ለመንገርና እናቲቱ በራስዋ አፍ መልሳ እንድትናገረው ለማድረግ ሩብ ሰዓት ይበቃ ነበር።

ልጁ ከዳነ በኋላ ክሊኒኩን ስንጎበኝ እናቲቱ ደረሰኞችዋን ሁሉ በፌስታል ጠቅልላ አሳየችን። የካርድ፣ የሽንትና የደም ምርመራ፣ የኢንሱሊን፣ የመርፌ፤ ሁሉም ተከፍሏል፤ ሁሉም ማኅተም አለው። ሲስተርን ለብቻዋ ጠየቅናት። አልሸሸችም። መርፌ አያያዙን እንዳሳየቻት፣ ስለ ሕመም ቀን ለመንገር ግን በደጅ የተሰለፈው ሕዝብ ጊዜ እንዳልሰጣት ነገረችን። ቀጥላም አንገታችንን ያስደፋንን ነገር ተናገረች፤ በወሩ መጨረሻ የምትጠየቀው የታከመውን ሰው ቁጥር ነው።

እውነትዋን ነው። በእኛ የወር ሪፖርት ቅጽ 40 ደቂቃ ተቀምጣ አንዲት እናት ያስተማረች ነርስ፣ በዚያው ጊዜ ስምንት ሰው መርፌ ወግታ ከሸኘችው ይልቅ ሰነፍ ሆና ትታያለች። ቅጹን ያዘጋጀነው ደግሞ እኛ ነን። ስለዚህ በዚህ እትም ስለ ክፍያው ነገር በሰፊው ልንጽፍላችሁ ወደድን።

ትምህርቱ ራሱ ሕክምና ሲሆን

አንዳንድ ወገኖቻችን ስለ ጤና ትምህርት ስንናገር ጠዋት ጠዋት በመጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሕዝብ ሁሉ የሚሰጠው የአሥር ደቂቃ ንግግር ብቻ ይታያቸዋል። እርሱም መልካም ነው። እዚህ የምንናገረው ግን አንድ ሰው በሽታው ከታወቀ በኋላ፣ ከዚያ በሽታ ጋር ቤቱ ገብቶ እንዴት እንደሚኖር ለእርሱ ለራሱ ስለሚሰጠው ትምህርት ነው።

የስኳር ሕመምተኛ በዓመት ውስጥ ከሐኪም ጋር የሚገናኘው ጥቂት ሰዓት ነው። የቀረውን ዘመኑን ሁሉ ራሱ ለራሱ ሐኪም ሆኖ ይኖራል። መርፌውን በየጊዜው ቦታ እየለወጠ በሆድና በጭን ላይ መውጋት አለበት፤ አንዱን ቦታ ብቻ ከደጋገመ ቆዳው ይደድርና መድኃኒቱ እንደሚገባው አይሠራም። ኢንሱሊኑን ከፀሐይና ከምድጃ ማራቅ አለበት፤ ፍሪጅ የሌለው ሰው እርጥብ አሸዋ በተጨመረበት የሸክላ ዕቃ ውስጥ በጥላ ቢያኖረው ይረዳል። ላብ ላብ ሲለው፣ እጁ ሲንቀጠቀጥና አእምሮው ሲደክምበት ስኳሩ መውረዱን አውቆ ወዲያው ስኳር ወይም ማር መቅመስ አለበት። እግሩ ስለሚደነዝዝ ማታ ማታ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ቁስል መኖሩን መመልከት፣ በብርድ ጊዜም እግሩን ወደ እሳት አለማስጠጋት አለበት። ስለ ጾም ደግሞ በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። ወደ ክሊኒኮቻችን የሚመጡ ኦርቶዶክሳውያንና ሙስሊም ወገኖች ብዙዎች ናቸው፤ መድኃኒቱን እየወሰዱ በልማዳቸው ሲጾሙ የሚደርስባቸውን አደጋ አክብሮት ባለው ቃል የሚነግራቸው ሰው ይፈልጋሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ተነግሮ አያልቅም፤ ቢያልቅም አይያዝም።

ትምህርቱ ከመድኃኒቱ የሚበልጥበትም በሽታ አለ። በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው የሚያርሱ ወገኖቻችንን የሚይዘው ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት ከትል ወይም ከእርግማን የመጣ አለመሆኑን፣ ከአፈሩ ጋር የተያያዘ መሆኑን በአገራችን ብዙ ዓመት የደከሙት ዶክተር ኤርነስት ፕራይስ አሳይተዋል። ሕክምናው እግርን በሳሙና በየቀኑ መታጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ በጨርቅ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ትምህርቱንና ዕቃውን ወዲያው ያገኙት ሰዎች እግራቸው በድንገት እየጋለና እያበጠ አልጋ ላይ የሚጥላቸው ሕመም፣ ትምህርቱ ከተዘገየላቸው ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ለዚህ ሕክምና ደረሰኝ ቁረጡ ብንባል ምን ብለን እንቆርጣለን? የሳሙናው ዋጋ ይታወቃል። እግሩን በእጅዋ ይዛ ያጠበችውና አስተጣጠቡን ያሳየችው ነርስ ግን በደረሰኙ ላይ የለችም። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን የምናነብ ሰዎች ይህ ሊሰወርብን ባልተገባ ነበር።

በአሜሪካ አገር እንዴት ይከፈላል

እህታችን የጠቀሰችው ቁጥር ምን እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት ደከምን። ነገሩ እንዲህ ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣ ሕግ ሜዲኬር የሚባል የመንግሥት የጤና መድን ተቋቁሟል፤ በተለይ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ነው። ሐኪሙና ሆስፒታሉ ለእያንዳንዱ አገልግሎት በመለያ ቁጥር ሂሳብ እየጻፉ ወደ መድኑ ይልካሉ። ቁጥር የሌለው ሥራ አይከፈልበትም። የነርስ ሥራ በዚህ ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ የተሸፈነ ሆኖ ቆይቷል። ሆስፒታል ተኝቶ ለሚታከም ሰው የነርሷ ድካም ሁሉ፣ ሲወጣ የምትሰጠው ትምህርት ጭምር፣ በአልጋው ዋጋ ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. ከ1983ቱ ሕግ ወዲህ ደግሞ ሜዲኬር ለአንድ የበሽታ ዓይነት አስቀድሞ የተወሰነ ገንዘብ ለሆስፒታሉ ስለሚከፍል፣ ነርሷ አሥር ደቂቃ ብታስተምር ወይም አንድ ሰዓት፣ የሚመጣው ገንዘብ ያው ነው።

በሐኪም ቢሮ ውስጥ 99211 የሚባል ቁጥር አለ። ቀድሞ በሐኪም የታየና የሕክምናው መንገድ የተወሰነለት ሰው ተመልሶ ሲመጣ፣ ነርሷ ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ብታየውና ብታስተምረው በዚህ ቁጥር ይጻፋል። ሂሳቡ የሚላከው ግን በነርሷ ስም አይደለም፤ የሐኪሙ ሥራ ተቀጥላ ተቆጥሮ በሐኪሙ ስም ይላካል። ለአዲስ ሕመምተኛ አይጻፍም። ሐኪሙ በዚያው ቀን ራሱ አይቶት የራሱን ሂሳብ ከላከም፣ የነርሷ ትምህርት በእርሱ ውስጥ ተውጦ ይቀራል።

ለስኳር በሽታ ግን ራሱን የቻለ መንገድ ተከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የበጀት ሕግ ሜዲኬር ለስኳር ሕመምተኞች ራስን የመንከባከብ ትምህርት በሰፊው እንዲከፍል አዘዘ። ሕመምተኛውን የሚያክመው ሐኪም በጽሑፍ ካዘዘ፣ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት እስከ 10 ሰዓት ይከፈላል፤ ከዚህ አንዱ ሰዓት ለብቻ፣ ዘጠኙ በቡድን ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 2 ሰዓት ይጨመራል። ማየት ወይም መስማት ለሚሳነው ሰው የቡድኑም ትምህርት ለብቻው ሊሰጠው ይችላል። የሚቆጠረው በግማሽ ሰዓት ነው፤ ለብቻ ሲሆን ጂ 0108፣ ከ2 እስከ 20 ሰው በአንድነት ሲሆን ጂ 0109 ተብሎ ይጻፋል። ፕሮግራሙ በታወቀ አካል ተመርምሮ ብቁ መባል አለበት።

በዚህም ቢሆን ነርሷ ታስተምራለች እንጂ በስምዋ ሂሳብ አትልክም። የምግብ ሥርዓት ባለሙያዎች በስማቸው መላክ ይችላሉ፤ ከፍ ያለ ሥልጠና ኖሯቸው መርምረው መድኃኒት የሚያዝዙ ነርሶችም እንዲሁ በዚያው በ1997ቱ ሕግ በየትኛውም ቦታ ቢሠሩ ለሐኪም ከሚከፈለው 85 ከመቶ እንዲከፈላቸው ተፈቅዷል። ተራዋ ነርስ ግን የምታስተምረው በሆስፒታሉ ወይም በሐኪሙ ስም ነው። ይህ ለብዙዎቹ የሚያስከፋ ነገር መሆኑን እህታችን ጽፋልናለች፤ እኛም ብንሆን ያስከፋናል።

የዚህን ሥርዓት መልካምና ክፉ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ሕመምተኛው በዓመቱ መጀመሪያ ከራሱ ኪስ የሚሸፍነውን ከጨረሰ በኋላ እንኳ የትምህርቱን ዋጋ 20 ከመቶ ይከፍላል። በሽታው አዲስ ከታወቀላቸው የሜዲኬር ተጠቃሚዎች መካከል ይህን ትምህርት የወሰዱት ከ100 ሰው 5 ያህል ብቻ ሆነው የተገኙበት ጥናት አለ። ገንዘብ ተመድቦ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ የሚማረው ግን ጥቂት ነው ማለት ነው። የሐኪም ትእዛዝ ያስፈልጋል፤ የፕሮግራም ምርመራ ያስፈልጋል፤ ሕመምተኛው ከሥራው ወጥቶ መምጣት አለበት፤ ከዚያም 20 ከመቶው አለ። ሀብታም አገር ያልተሳካለትን ቀድተን ብናመጣ እኛም እንደዚያው እንሆናለን።

አንድ ነገር ግን መቅዳት ይገባናል። ለሂሳቡ ሲባል ነርሷ የምትጽፈው ማስታወሻ አለ፤ ማን እንዳዘዘ፣ በስንት ሰዓት እንደ ጀመረች፣ በስንት ሰዓት እንደ ጨረሰች፣ ምን እንዳስተማረች፣ ሕመምተኛው ምን እንደተረዳና ምን እንደ ቀረው። ማስታወሻው ካልተጻፈ ሥራው እንዳልተሠራ ይቆጠራል። በእኛ ክሊኒክ የልጁ እናት ካርድ ላይ ይህ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ የተረኛዋ ነርስ "ስለ ሕመም ቀን ገና አልተነገራትም" የሚለውን አንብባ ትሞላው ነበር።

በአገራችንስ

በኢትዮጵያ መንገዱ ሌላ ነው። የመንግሥት ጤና ጣቢያ ነርስ ደመወዝዋ ከመንግሥት በጀት ይመጣል፤ ሕመምተኛው የሚከፍለው ለካርድ፣ ለምርመራና ለመድኃኒት ነው፤ ያም ከእውነተኛው ወጪ ያነሰ ነው። በ1990 ዓ.ም. ከወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ በኋላ ጤና ጣቢያዎች የሰበሰቡትን ገቢ ይዘው ለአገልግሎታቸው ማሻሻያ እንዲያውሉ ቀስ በቀስ ተፈቅዷል። ይህ መልካም ሆኖ ሳለ አንድ ፈተና አለው፤ ገቢ የሚያመጣው ላቦራቶሪውና የመድኃኒት ክፍሉ ሲሆን፣ ገቢ የማያመጣው የማስተማሪያ ክፍል ወደ ዕቃ ግምጃ ቤትነት ይለወጣል። እንዲህ የሆነበት ክፍል በዓይናችን አይተናል።

ለማንም በነፃ የሚሰጡ አገልግሎቶች ደግሞ አሉ። የነፍሰ ጡር ክትትልና ወሊድ፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የሳንባ ነቀርሳና የሥጋ ደዌ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት አይከፈልባቸውም። ከእነዚህ ጋር የሚሄደው ትምህርት አብሮ ነፃ ነው። የፕሮጀክት ሠራተኞቻችን ከመንግሥት ጋር በምንሠራባቸው ቦታዎች ይህን እንድትጠነቀቁ እናሳስባለን፤ በሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ላይ ላለ ሰው "የትምህርት" ብሎ ሁለት ብር እንኳ መጻፍ አይገባም።

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም ለብዙ ገበሬ ቤተሰብ እፎይታ ሆኗል። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ ሲታመም ከኪሱ አያወጣም። መድኑ ለጤና ተቋሙ ገንዘቡን የሚተካው ግን በአብዛኛው በቀረበለት የአገልግሎት ዝርዝር ነው፤ በዝርዝሩም ላይ ያው ካርዱ፣ ምርመራውና መድኃኒቱ ነው ያለው። የአሜሪካው ችግር በሌላ መልክ መጣብን ማለት ነው።

የተሻለ ምሳሌ የምናገኘው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞችን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው አካባቢ የወጡ ወጣት ሴቶችን፣ መድቦ ቤት ለቤት እየዞሩ ቤተሰቡን እንዲያስተምሩ አደረገ። ደመወዛቸው የወር ደመወዝ ነው። ስለ መጸዳጃ ቤት ያስተማሩበት ሰዓት በደረሰኝ አይቆረጥም፤ ማስተማር ራሱ የተቀጠሩበት ሥራ ነው። ድካማቸውና ደመወዛቸው ተመጣጣኝ ነው ማለታችን አይደለም። ግን መንግሥት ማስተማርን እንደ ሥራ ቆጥሮ ሰው ቀጠረለት፤ እኛ በክሊኒኮቻችን ያላደረግነው ይህንኑ ነው።

ሕመምተኛው ይክፈል ወይስ አይክፈል

በስብሰባችን ላይ ሁለት ሐሳብ ቀረበ፤ ክርክሩም ቀላል አልነበረም። አንዳንዶቻችን ጥቂት ገንዘብ ቢጠየቅ ይሻላል፣ በነፃ የተሰጠ ነገር አይከበርም አልን። እውነትም ሕዝባችን መርፌ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም። አንድ ሽማግሌ በአንዱ ክሊኒክ "ለመድኃኒቱ እከፍላለሁ፤ ለወሬም ይከፈላል እንዴ?" ብለው እንደ ጠየቁ ተነግሮናል። ዋጋ ቢጻፍበት ወሬ አለመሆኑን ያውቁ ነበር የሚል ነው የዚህ ወገን ሐሳብ።

ሌሎቻችን ደግሞ የዚያን ልጅ እናት አስታወስን። ለኢንሱሊኑ ዶሮዎችዋን ሸጣለች። በትምህርቱ ላይ ዋጋ ቢኖር ኖሮ መድኃኒቱን ትገዛና ትምህርቱን ትተወው ነበር፤ ማንም እናት እንዲሁ ታደርጋለች። በዚህ ምክንያት ሕመምተኛው ለትምህርት እንዳይከፍል ወስነናል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለውን የሳምራዊውን ታሪክ ሁላችንም በልጅነታችን ተምረናል። ዘይቱንና ወይን ጠጁን አፍስሶ ቁስሉን ያሰረውን እንሰብካለን፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አዘውትረን አንሰብክም። ሳምራዊው ሲሄድ ለእንግዳ ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ፣ ከዚያ በላይ የሚወጣውን ሁሉ ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባለት። ይህ ሂሳብ ነው። ዘይቱ አስቀድሞ ፈስሷል፤ የተከፈለው ለጥበቃውና ለእንክብካቤው ነው፤ የከፈለውም ቁስለኛው አልነበረም።

ስለዚህ ለምእመናን የምናቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው። እስከ ዛሬ "ለመድኃኒት" ተብሎ ሲለመን ስጦታው ፈጥኖ ይመጣል፤ "ለነርስ ደመወዝ" ሲባል ግን እጅ ይከብዳል። መድኃኒት በሣጥን ተጭኖ ሲሄድ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ነርሷ ከአንዲት እናት ጋር ዝቅ ብላ ስትነጋገር ግን ከሩቅ ምንም የተሠራ አይመስልም። እኛም በዚህ ጋዜጣ ላይ የሣጥን ፎቶግራፍ ስናወጣ ኖረናል።

ወጪውን ማስላት አስቸጋሪ አይደለም። ለምሳሌ አንዲት ነርስ በወር 160 ሰዓት ትሠራለች እንበል፤ ደመወዝዋን ለ160 ብናካፍል የአንድ ሰዓት ዋጋ እናገኛለን። አሥር የስኳር ሕመምተኞችን በአንድነት አንድ ሰዓት ብታስተምር በአንድ ሰው ላይ የሚያርፈው የስድስት ደቂቃ ዋጋ ነው። መርፌ አወጋግን የመሰለ በእጅ የሚታይ ነገር ግን ለብቻ መሆን አለበት፤ በዚያም ላይ ሰስተን አንቆጥብ። ይህን ስሌት እያንዳንዱ ክሊኒክ በራሱ ደመወዝ መሠረት ሠርቶ እንዲልክልን እንፈልጋለን፤ ለደጋፊዎች በግምት ሳይሆን በትክክል መናገር እንድንችል ነው።

አንድ አደጋ ደግሞ ከወዲሁ ይታየናል። ለተማረው ሰው ቁጥር ወይም ለሰዓቱ ብዛት ለነርሷ ጉርሻ ብንጨምር፣ ሰዓቱ በወረቀት ላይ ይበዛል፤ ትምህርቱ ግን ይቀጥናል። ይህ የማንንም ሐቀኝነት ለመጠራጠር አይደለም፤ እኛም ብንሆን በዚያ ቦታ ብንቀመጥ የምንፈተንበት ነው። ስለዚህ ነርሷ የሚከፈላት እንደ ወትሮው የወር ደመወዝ ነው። ሰዓቱ የሚጻፈው ሥራው እንዲታይና ጊዜ እንዲመደብለት ነው።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች

አዲሱ መዝገብ እየታተመ ነው። ዓምዶቹ ጥቂት ናቸው፤ ቀን፣ የካርድ ቁጥር፣ ያዘዘው ሰው፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ ለብቻ ወይም በቡድን፣ የተማረው ነገር፣ የቀረው ነገር። የመጨረሻው ዓምድ ከሁሉ ይበልጣል፤ ሕመምተኛው በራሱ ቃል ምን ብሎ መለሰ፣ ወይም በእጁ ምን ሠርቶ አሳየ የሚለው ነው። "ተረድቷል" ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። መርፌውን ቀድቶ ካሳየ "ቀድቶ አሳየ"፤ ተሳስቶ ከቀዳም እንደተሳሳተ ጻፉ። ስሕተት የተጻፈበት ገጽ ማንንም አያስወቅስም።

በደረሰኙ ላይም አንድ መስመር ይጨመራል፤ "የነርስ ትምህርት" ይላል፤ የሰዓቱ ዋጋ ይጻፍበታል፤ ከጎኑም "በምእመናን ስጦታ ተከፍሏል" ተብሎ በሕመምተኛው ላይ ዜሮ ይጻፋል። ገንዘብ ያዦች ይህ ገንዘብ ከሕመምተኛው የተሰበሰበ መስሎ ከዕለቱ ገቢ ጋር እንዳይደመር ተጠንቀቁ፤ በየወሩ መጨረሻ ለብቻው ተደምሮ ይላክ። በማኅበረሰብ አቀፍ መድን የሚታከሙ ሰዎችን በሚመለከት መስመሩ ለራሳችን ማስታወሻ ነው እንጂ ወደ መድኑ በሚላከው ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

በየሳምንቱ ግማሽ ቀን ለትምህርት ብቻ ይመደብ። ቀኑን የአካባቢው ገበያ የሚውልበትን አይታችሁ እናንተው ምረጡ፤ ሰው ለገበያ በወጣበት ቀን መድረሱ ይቀለዋልና። ቦታ የሚያጥራችሁ ከሆነ የአጥቢያውን ሽማግሌዎች ጠይቁ፤ የሰንበት ትምህርት ክፍል በሳምንቱ ቀን ባዶውን ነው የሚውለው። ማንበብ የሚችሉ የወጣቶች ኅብረት አባላት ሰው በመጥራትና መዝገብ በመጻፍ ሊያግዙ ይችላሉ። የመድኃኒት መጠንን የሚመለከት ነገር ግን ከነርሷ በቀር ማንም አያስተምር። በዚያ ግማሽ ቀን የሚታከመው ሰው ቁጥር ቢቀንስ ከዋናው ቢሮ "ለምን ቀነሰ?" የሚል ደብዳቤ አይደርሳችሁም፤ ቢደርሳችሁ ይህን እትም ቆርጣችሁ መልሳችሁ ላኩልን።

መዝገቡ ከሚቀጥለው የመድኃኒት ጭነት ጋር ይመጣል። እስኪደርስ ድረስ የአሮጌውን መዝገብ የመጨረሻ ገጾች በማስመሪያ አስምራችሁ ጀምሩ፤ የመጀመሪያውንም ወር ግልባጭ እስከ ወሩ ማብቂያ ላኩልን።